የውድድር ጠመንጃ ማሻሻል፦ ገንዘቡን የት ላይ እናውለው?

የአገራችን ሰው ጠመንጃን በስሙ ያውቀዋል። ውጅግራ፣ አልቤን፣ ምንሽር፣ ጓንዴ እያለ ይለየዋል፤ ይወለውለዋል፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ለልጁም ያወርሰዋል። ጠመንጃን ፈትቶ፣ ቃታውን ለውጦ፣ መነጽር ጭኖለት በወረቀት ዒላማ ላይ ነጥብ ለመልቀም መወዳደር ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ሙያዬ ሒሳብ ሥራ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአካባቢዬ ባለ የተኩስ ክበብ ውስጥ በትንሿ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ እወዳደራለሁ።

ሰሞኑን አንድ የአገሬ ልጅ የሆነ ወዳጄ ምክር ጠየቀኝ። እሱና የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ በአንድ ጠመንጃ እየተፈራረቁ ይወዳደራሉ። ልጁ በውጤቱ ተስፋ ቆርጧል። «ጠመንጃችን ርካሽ ስለሆነ ነው፤ የእነ እገሌን ዓይነት ወፍራም አፈሙዝ ካልተገዛልን እኔ ከእንግዲህ አልሄድም» ብሏል። አባትየው በትርፍ ሰዓት ሥራ ያገኘው 600 ዶላር አለው። ገንዘቡ ተርፎት እንዳልሆነና ቤት ውስጥም ሌላ ጥያቄ እንዳለበት ነግሮኛል። «ከምን እንጀምር?» ነው ጥያቄው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከገንዘቡ በላይ የሚያሰጋ ነገር አለው። አፈሙዙ ተገዝቶ ውጤቱ ካልተለወጠ፣ ልጁ «ለካ ችግሩ እኔው ነኝ» ብሎ ጨርሶ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ መልሱን በዝርዝር ማቅረብ መረጥኩ። ፎቶግራፍ ለሚያነሱም፣ ብስክሌት ለሚጋልቡም፣ ዕቃ ወይስ ልምምድ በሚል ጥያቄ ለሚቸገሩ ሁሉ ሳይጠቅም አይቀርም።

ውድድሩ ምን ይጠይቃል?

ጠመንጃን ለማሻሻል መጀመሪያ የሚነበበው የዕቃ ካታሎግ ሳይሆን የውድድሩ ደንብ ነው። ወዳጄና ልጁ የሚሳተፉበት ውድድር፣ ሲኤምፒ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው የአሜሪካ የሲቪሎች የዒላማ ተኩስ ድርጅት የሚያካሂደው «ሪምፋየር ስፖርተር» ነው። የድርጅቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1903 ከተጀመረው የመንግሥት ፕሮግራም ይመዘዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ሕግ ራሱን የቻለ ተቋም ሆነ። በኦሃዮ ግዛት በካምፕ ፔሪ የሚካሄዱት ብሔራዊ ውድድሮችም በዚያ ሥፍራ ከ1907 ጀምሮ ይታወቃሉ።

የሪምፋየር ስፖርተር ዓላማ ተራው ሰው በተራ ጠመንጃ እንዲወዳደር ማድረግ ነው። ጠመንጃው ከነመነጽሩና ከነማንገቻው ከ7.5 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3.4 ኪሎ ግራም ገደማ መብለጥ የለበትም። ቃታው ቢያንስ 3 ፓውንድ፣ ማለትም 1.36 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ካላረፈበት መልቀቅ የለበትም። የመነጽሩም አጉልቶ የማሳየት አቅም ከስድስት እጥፍ አይበልጥም።

አንድ ተወዳዳሪ 60 ጥይት ይተኩሳል። ተኝቶ 20፣ ተቀምጦ ወይም ተንበርክኮ 20፣ ቆሞ 20። በእያንዳንዱ አቋቋም አሥሩ ጥይት በቀስታ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይተኮሳል። የቀረው አሥር ጥይት አምስት አምስት ሆኖ በጥድፊያ ነው፤ ራሱን በራሱ ለሚያጎርስ ጠመንጃ ለአምስቱ ጥይት የሚሰጠው 25 ሴኮንድ ብቻ ነው። በመተኛትና በመቀመጥ ርቀቱ 50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ)፣ በመቆም 25 ያርድ ነው። ሙሉ ነጥቡ 600 ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው አንድ ቁጥር አለ። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 1.78 ኢንች፣ ማለትም 4.5 ሴንቲ ሜትር ነው። መስመሩን ንክች ያደረገ ጥይትም ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል። የጥይቱ ውፍረት 0.22 ኢንች ስለሆነ፣ የጥይቱ መሐል ከዒላማው መሐል አንድ ኢንች ያህል ቢርቅም አሥር ነው ማለት ነው። ስለዚህ በ50 ያርድ ላይ ጥይቶቹን ሁሉ በ1.5 ኢንች ክብ ውስጥ የሚሰበስብ ጠመንጃ፣ ሰውየው ካልተሳሳተ በቀር ሙሉ ነጥብ ለማምጣት ይበቃል። ከፋብሪካ እንደወጣ የሆነ ደህና ጠመንጃ፣ የሚስማማው ጥይት ከተገኘለት ይህን ያደርጋል።

መጀመሪያ የውጤት ወረቀቱን ማንበብ

እኛ የሒሳብ ሰዎች አንድ ድርጅት ሲከስር «ገንዘቡ የሚፈሰው የት ነው?» ብለን እንጀምራለን። እዚህም እንደዚያው ነው። ለምሳሌ አንድ ተኳሽ ከ200 ነጥብ ተኝቶ 193፣ ተቀምጦ 182፣ ቆሞ 158 አገኘ እንበል። ድምሩ 533 ነው። የጎደለው 67 ነጥብ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ተኝቶ ያጣው ሰባት ብቻ ነው። ቆሞ ያጣው ግን 42 ነው፤ ያውም ርቀቱ በግማሽ በቀነሰበት!

ጠመንጃው ጥይት የሚበታትን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ይበልጥ መታየት የነበረበት ርቀቱ በሚበዛበትና ሰውነት በሚረጋበት፣ ማለትም ተኝቶ በሚተኮስበት ጊዜ ነበር። ተኝቶ 193 ያመጣ ጠመንጃ ከሰውየው የተሻለ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተኳሽ ውድ አፈሙዝ መግዛት «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሆናል። በሌላ በኩል ተኝቶም 175 የሚያመጣ ከሆነ፣ ጥፋቱ የጥይቱ፣ የመነጽሩ ወይም የብሎኑ ሊሆን ይችላልና ዕቃውን መመርመር ተገቢ ነው።

አንደኛ፦ ጥይት

ከሁሉ በፊት የሚለወጠው ጥይቱ ነው። የ22 ካሊበር ጥይት እንደ ትላልቆቹ ቤት ውስጥ በልክ የሚሞላ አይደለም፤ ከፋብሪካ እንደመጣ ይተኮሳል። እያንዳንዱ አፈሙዝ ደግሞ የራሱ ምርጫ አለው። ለጎረቤት ጠመንጃ ማር የሆነው ለእናንተ ሬት ሊሆን ይችላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አምስት ወይም ስድስት ዓይነት ጥይት ከየዓይነቱ አንድ አንድ ፓኮ እገዛለሁ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ በ50 ያርድ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ጥይት ቢያንስ ሦስት ጊዜ እተኩሳለሁ። ጥይት በለወጥኩ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጥይቶች አልቆጥርም፤ አፈሙዙ የአዲሱን ጥይት ቅባት እስኪለምድ ነው። ሦስት ጥይት ተኩሶ «ይኼኛው ይሻላል» ማለት ሳንቲም ሦስት ጊዜ አፈናጥሮ ዕድልን እንደመተንበይ ነው።

ፈጣን ጥይት የተሻለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ለዒላማ የሚመረጠው ከአፈሙዙ በሴኮንድ 1,070 ጫማ አካባቢ የሚወጣው «ስታንዳርድ» የሚባለው ነው። ፈጣኑ ከ1,200 ጫማ በላይ ይነሳና በመንገዱ ላይ ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል። ድምፅ በመደበኛ የአየር ሙቀት በሴኮንድ 1,125 ጫማ ያህል ይጓዛል። በዚህ ድንበር አካባቢ የአየር ግፊቱ ስለሚበረታ ጥይቱ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፤ የጎን ነፋስም ይበልጥ ይገፋዋል። በነፋስ ቀን ዝግተኛው ጥይት ከፈጣኑ ያነሰ ይንሸራተታል ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ማመን ይከብደዋል፤ ግን እውነት ነው።

ሁለተኛ፦ ቃታ

የእነ ወዳጄ ጠመንጃ ሩገር 10/22 ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የቀረበ፣ አሥር ጥይት በሚይዝ ክብ ካዝና የሚሠራ፣ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ የሚገኝ ጠመንጃ ነው። ለማሻሻል የተመቸ መሆኑ ታዋቂ አድርጎታል። የቃታው ክፍል በሁለት ፒን፣ አፈሙዙ ደግሞ በሁለት ብሎን ብቻ ስለተያዘ ብዙ ባለቤቶች ራሳቸው ይፈቱታል።

የፋብሪካው ቃታ ከ5 እስከ 6 ፓውንድ አካባቢ የሚጎተት፣ ሸካራና ረጅም ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ጠመንጃ በቆመ ሰው እጅ ላይ እያለ ይህን ያህል ኃይል በአንድ ጣት ማሳረፍ አፈሙዙን ከዒላማው ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ቆሞ ለሚበላሽ ውጤት ዕቃ በመግዛት የሚረዳ ነገር ካለ ቃታ ነው።

ግን ጥንቃቄ ያሻል። ራሱ ሩገር የሚሸጠው «ቢኤክስ» የተባለው ቃታ 2.75 ፓውንድ አካባቢ እንደሚጎተት ተነግሮለት የሚሸጥ ነው። ለመዝናኛ ግሩም ነው፤ ለዚህ ውድድር ግን ከተፈቀደው 3 ፓውንድ በታች ነው። ዳኛው የሦስት ፓውንድ ሚዛን በቃታው ላይ አንጠልጥሎ ጠመንጃውን ሲያነሳ ቃታው ከለቀቀ ጠመንጃው ወደቀ ማለት ነው። የሚመረጠው ከ3.25 እስከ 3.5 ፓውንድ ላይ የሚለቅ፣ ንጹሕና ሁልጊዜም አንድ ዓይነት የሆነ ቃታ ነው። በአጠቃቀም ብዛት ሊላላ ስለሚችል ትንሽ ትርፍ መያዝ ይበጃል። የቃታን ብረት በሞረድ መሞረድ ግን በፍጹም አይሞከርም። ሳይነኩት የሚተኩስ ጠመንጃ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም አደጋ ነው። የተዘጋጀ መለዋወጫ ገዝቶ መግጠም ወይም ለጠመንጃ ጠጋኝ መስጠት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ መነጽርና አቀማመጥ

መነጽር ሲገዛ ሰው የሚያየው የማጉላት አቅሙን ነው። እዚህ ግን ጣሪያው ስድስት እጥፍ ስለሆነ በዚያ መፎካከር አይቻልም። የሚፈተሸው ሌላ ነገር ነው። ጠመንጃውን አስደግፋችሁ፣ ሳትነኩት ዓይናችሁን ከመነጽሩ ኋላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ። በመነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል በዒላማው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ጭንቅላታችሁን ባዛነፋችሁ ቁጥር ጥይታችሁም ይዛነፋል። ለትላልቅ ጠመንጃ የተሠሩ መነጽሮች ይህ ችግር እንዳይኖርባቸው የሚስተካከሉት በ100 ያርድ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ለ22 ካሊበር የተሠሩት ግን በ50 ወይም በ60 ያርድ። ስለዚህ የአጎት ልጅ የሰጠው የአደን መነጽር ከርካሹ የ22 ካሊበር መነጽር ሊያንስ ይችላል።

በ50 ያርድ የተስተካከለ ጠመንጃ በ25 ያርድ ላይ ከሩብ ኢንች ብዙም የማይዘል ከፍታ ያሳያል። ለ1.78 ኢንች ክብ ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። የመነጽሩን መዘውር በየርቀቱ ከማሽከርከርና ከመርሳት መተዉ ይሻላል።

ከመነጽሩ ጋር አብሮ የሚሄደው የጉንጭ ማረፊያ ነው። የ10/22 መደበኛ ሰደፍ የተሠራው ለዝቅተኛው የብረት ማነጣጠሪያ ስለሆነ መነጽር ሲጫንበት ጉንጭ ይንሳፈፋል። የሰደፉ ርዝመትም ለአዋቂ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ክንዱ አጭር የሆነ ታዳጊ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይቆማል። ከዚያም «አልረጋ አለኝ» ይላል። ለታዳጊ አጠር ያለ ሰደፍ ከውድ አፈሙዝ የበለጠ ይጠቅማል። በደንቡ የትኛው የሰደፍ ቅርጽ እንደሚፈቀድ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የዘንድሮውን ደንብ አንብቡ። ተኝቶና ተቀምጦ ለመተኮስ ደግሞ ክንድን አጥብቆ የሚይዝ ደህና ማንገቻ በትንሽ ዋጋ ብዙ ነጥብ ያስገኛል።

መጨረሻ፦ አፈሙዝ

ወፍራሙ አፈሙዝ፣ 0.920 ኢንች ውፍረት ያለው፣ ለዓይን ግርማ አለው። ጥራት ያለው ከሆነም ጥይት መሰብሰቡ አይካድም። ነገር ግን ሁለት ዕዳ ይዞ ይመጣል።

አንደኛው ክብደት ነው። ጠመንጃው ብቻውን 5 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። መነጽርና ማሰሪያው አንድ ፓውንድ፣ ማንገቻው ግማሽ ፓውንድ ቢሆን 6.5 ደረሰ። የቀረው በጀት አንድ ፓውንድ ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች ብረት የሆነው ወፍራም አፈሙዝ ይህን በጀት በቀላሉ ያልፈዋል። ውጩ አሉሚኒየም ወይም ካርቦን፣ ውስጡ ብቻ ብረት የሆነ ቀላል ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ገዝቶ ከመግጠም በፊት በወጥ ቤት ሚዛን መደመር ነው።

ሁለተኛው ዕዳ መጉረስና መትፋት ነው። ለዒላማ ተብሎ ጥይት የሚቀመጥበት ጉሮሮ በጣም የጠበበ አፈሙዝ፣ ራሱን በሚያጎርስ ጠመንጃ ላይ ቀለሁን አልለቅ ሊል ይችላል። በ25 ሴኮንድ ውስጥ አምስት ጥይት መተኮስ ሲኖርባችሁ አንዴ መንከስ ማለት ብዙ ነጥብ ነው። በዚህ ምክንያት ለ10/22 የሚመረጠው «ቤንትዝ» የሚባለው፣ በጠባቡና በሰፊው መካከል ያለው ልክ ነው።

እንክብካቤም አይረሳ። የ10/22 ኋላው ዝግ ስለሆነ መወልወያ ዘንግ ከኋላ አይገባም። ከፊት በብረት ዘንግ መጎርጎር ደግሞ የአፈሙዙን ጫፍ ይጎዳል፤ ጥይቱን መጨረሻ የሚለቀው ያ ጫፍ ነው። ከኋላ ወደ ፊት በገመድ የሚሳብ መወልወያ መጠቀም ይበጃል።

ሕጉና ቤቱ

ለአገሬ ልጆች ሁለት ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ዜጎችና የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ ሌላ የሚከለክላቸው ምክንያት ከሌለ፣ ጠመንጃ መያዝ ይችላሉ። በተማሪነት ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ውስን ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ የፌዴራል ወንጀል ነው። «የጓደኛዬ ነው፣ ለአንድ ቀን ነው» ማለት አያድንም፤ መዘዙም እስከ መባረር ይደርሳል። የየግዛቱ ሕግም ይለያያልና ጠበቃ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወደ አገር ቤት ይዞ መሄድም አይታሰብ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል።

ሌላው፣ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ጠመንጃ ባዶውን፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ ደግሞ ለብቻው ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ከ600 ዶላሩ ላይ ቁልፍ ያለው ሣጥን ካልተገዛ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ

እንግዲህ ለወዳጄ ያልኩት ይህ ነው። ሣጥን ከሌለህ መጀመሪያ ሣጥን። ከቀረው ላይ ግማሹን ለጥይት አውለው፤ ጥቂቱን ለሙከራ፣ የበዛውን ተመርጦ ለተገኘው ዓይነት ለልምምድ። ከሌላው ግማሽ በሕጉ ልክ የሆነ ቃታ፣ ማንገቻና ለልጁ ክንድ የሚስማማ ሰደፍ ግዛ። አፈሙዙን ለሚመጣው ዓመት አቆየው፤ ያኔም ልጁ ተኝቶ ነጥብ የሚያጣ ሆኖ ከተገኘ ብቻ።

በነጻ የሚገኘውን ማሻሻያም ነግሬዋለሁ። በየምሽቱ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ጥይት ከክፍሉ ወጥቶ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ተረጋግጦ፣ አባትየው አጠገቡ ሆኖ፣ ልጁ ቆሞ ግድግዳ ላይ በተለጠፈች ነጥብ ላይ ቃታ ይሳብ። ሩገር 10/22ን ያለ ጥይት ቃታ መሳብ እንደማይጎዳው አምራቹ ይናገራል። ሌላ ዓይነት የ22 ካሊበር ጠመንጃ ያላችሁ ግን መመሪያችሁን እዩ፤ አንዳንዱን ይጎዳዋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ለውጡ፤ ውጤቱንም በደብተር ጻፉ። ቃታና ጥይት በአንድ ሳምንት የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። ልጁ ራሱ ደብተሩን እንዲይዝ መክሬአለሁ። ቆሞ የሚያመጣው ነጥብ ከሳምንት ሳምንት ከፍ ሲል ሲያይ፣ ጠመንጃው ያው ጠመንጃ እንደሆነና የተሻሻለው እሱ እንደሆነ በገዛ እጁ ጽሑፍ ያነበዋል።